ቮልሷ ከነባለቤቷ ነው የምትመጣው

ለ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ፊልምና ተከታታይ ድራማ ለምትሠሩ ፕሮዲዩሰሮች፣ ዳይሬክተሮችና ፕሮዳክሽን ማናጀሮች

ጉዳዩ፦ ለቀረጻ የምናውሳቸውን የድሮ መኪኖች ይመለከታል

የተከበራችሁ የፊልም ባለሙያዎች፣

ባለፈው ዓመት አንድ ፊልም ሲመረቅ ተጠርቼ ሄጄ ነበር። የተጠራችው መኪናዬ ናት ማለት ይቀላል፤ እኔ እሷን ተከትዬ ነው የገባሁት። ታሪኩ በ1966 ዓ.ም. የሚካሄድ ነው። ፊልሙ ገና ሳይሟሟቅ ዋናው ተዋናይ ቮልሴን እየነዳ ብቅ አለ። ደረቴ ተነፋ፤ አጠገቤ የተቀመጠችውን እህቴን በክርኔ ጎሰም አደረግኋት። ከዚያ መኪናዋ መንገድ ላይ ቀጥ ትላለች። ተዋናዩ ይወርዳል፣ ዞሮ ወደ ፊት ይሄዳል፣ የፊቱን ኮፈን ብድግ ያደርጋል፣ ጭስ ይትጎለጎላል። እሱም ጭሱን በእጁ እያራገበ «ሞተሩ ተቃጠለ!» ይላል። ይኼኔ ከፊታችን ሁለት ረድፍ አለፍ ብለው የተቀመጡ አንድ አባት ጮክ ብለው «ልጄ፣ እዚያ ሻንጣ እንጂ ሞተር የለም!» አሉ። አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ትዕይንቱ እኮ የሚያስለቅስ ነበር፤ ሰውዬው የታመመ ልጁን ሐኪም ቤት ሊያደርስ ሲጣደፍ ነው መኪናዋ የምትቆምበት።

የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው። ከፊት ያለው ዕቃ ማስቀመጫ፣ መቀየሪያ ጎማና የቤንዚን ጋን ነው። ይህንን በቀረጻው ዕለት ተናግሬአለሁ። የጭስ ማሽኑን ከፊት ሲያስገቡ ባይ ጊዜ ሮጬ ሄጄ ነገርኳቸው። እንዲያውም «እዚህ ቦታ ጭስ ካያችሁ የሚቃጠለው ቤንዚን ነው፤ ያኔ የሚያዋጣው ኮፈን መክፈት ሳይሆን እግሬ አውጪኝ ማለት ነው» ብዬ ቀልጄ ነበር። አንዱ ረዳት ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርጎ «ጋሼ አይጨነቁ፣ ተመልካቹ ምን ያውቃል» አለኝና ከገመዱ ወዲያ የምቆምበትን ቦታ አሳየኝ።

ይህ ደብዳቤ ከገመዱ ወዲያ ከቆሙት ሰዎች የተጻፈ ነው።

እኔ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ዓመታት የቀሩኝ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቮልሷ 1300 ናት፣ እ.ኤ.አ. የ1966 ሞዴል። አባቴ አዲስ ሆና ነው የገዛት፤ ለእኛ ለልጆቹ ከመወለዳችን በፊት ቤቱ ውስጥ የነበረች ታላቅ እህት ማለት ናት። እሁድ እሁድ ጠዋት የምንሰባሰብ እንደኔ ያለን ሰዎች አለን። ቮልስ ይበዛል፤ አንድ ሴቼንቶ የምትባለው ትንሿ ፊያት፣ ሁለት ፔጆ 404፣ አንድ አጭር ላንድሮቨር፣ ቀለሟን ያልለቀቀች ሰማያዊና ነጭ የታክሲ ላዳም አለች። ቡና እንጠጣለን፣ ኮፈን ከፍተን እንጨቃጨቃለን፣ ካንዴላና ኩሽኔታ እንለዋወጣለን። ማኅበር ነን ብንል ይከብደናል፤ ማኅተምም ሊቀ መንበርም የለንም። ግን ከእናንተ አንዳችሁ የድሮ መኪና ሲቸግራችሁ ወሬው ዞሮ ዞሮ የሚደርሰው እኛው ጋ ነው። በተለይ ነሐሴ ሲጋመስ ስልካችን ይጮኻል፤ መስከረም 2 ሲቃረብ ሁሉም ስለ ንጉሡ መውረድ አንድ ነገር መሥራት ይፈልጋልና። ንጉሠ ነገሥቱ በ1967 ዓ.ም. ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ወጥተው ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር የተወሰዱት በቮልስ መሆኑን የማያውቅ የለም። የኛ መኪኖች ያችን ቀን ደጋግመው ኖረዋታል። የኔዋ ብቻ ሦስት ጊዜ ንጉሥ አውርዳለች።

እንድታውቁልን የምንፈልገው ነገር አንድ ነው። የድሮ መኪና ከባለቤቱ ተለይቶ የሚመጣ ዕቃ አይደለም። ወንበር፣ ሬዲዮ፣ የግድግዳ ሰዓት ተውሳችሁ ባለቤቱን ወደ ቤቱ ልትሸኙት ትችላላችሁ። መኪናው ግን ከነባለቤቱ ነው የሚመጣው፤ ሲነዳም፣ ሲቆምም፣ ስለ እሱ ሲወሰንም ባለቤቱ አጠገቡ ይሁን። ይህን የምለው ስስት ይዞኝ አይደለም። የደረሰውን ልንገራችሁ።

አንድ ሌሊት ቀረጻ ነበር። ዳይሬክተሩ የቮልሷ መብራት ጭጋጉን ሲሰነጥቅ ማየት ፈለገ፤ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ የድሮ አምፖል ብርሃን ቢጫና ለስላሳ ስለሆነ ካሜራ ላይ ያምራል። ነገር ግን ድምፅ ስለሚረብሽ ሞተሩ ይጥፋ ተባለ። ሞተር አጥፍቶ መብራት አብርቶ አንድ ሰዓት ተኩል። ባትሪው እንደሚደክም ነግሬ ነበር። እሺ ሞተሩ ይነሳ ቢባልም እዚያው ቆሞ በዝግታ የሚሠራ የቮልስ ዲናሞ ያን ሁሉ መብራት ተሸክሞ ባትሪ አይሞላም፤ ቀዩ መብራት ዳሽቦርዱ ላይ በርቶ ይቀራል። እኔ ራት ልበላ ዞር ባልኩበት ባትሪው ሞተ። አንድ ትጉ ልጅ የፕሮዳክሽኑን ፒክአፕ አስጠግቶ ገመድ ዘረጋ። ጉዳዩ እዚህ ላይ ነው፤ የኔ መኪና የምትሠራው በ6 ቮልት ነው። ፒክአፑ 12 ነው። የመብራቱ ቁልፍ እንደተከፈተ ነበር። እንጀራዬን እንደጎረስኩ ቀና ስል ቮልሷ በሕይወቷ አብርታ የማታውቀውን ያህል ቦግ አለች፤ የፊቱ፣ የኋላው፣ የዳሽቦርዱ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ። የዓይን ጥቅሻ ያህል ቆየና ሁሉም ድርግም። የፊቱን መብራት መስታወት ተጠግቼ ሳይ አምፖሎቹ ውስጣቸው በጥቀርሻ ጠቁሯል። የ6 ቮልት አምፖል ሶማሌ ተራ ገብቶ «አንድ ስጡኝ» የሚባል ነገር አይደለም። ከጓደኞቼ ቤት ለቃቅሜ፣ አንዱን ደግሞ ከውጭ አስመጥቼ ለመሙላት አራት ወር ፈጀብኝ። ልጁን አልተቀየምኩትም። ሊረዳ ነው የመጣው፤ ማንም አልነገረው።

ሁለተኛው የማርሽ ጉዳይ ነው። ዛሬ ተዋንያን አብዛኞቹ የለመዱት አውቶማቲክ ነው፤ ማንዋል የሚነዱትም የቮልስን ማርሽ አያውቁም። ወደ ኋላ ለመሄድ ዘንጉን መጀመሪያ ወደ ታች መጫን፣ ከዚያ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ኋላ መሳብ አለባችሁ። ያንን ያልተነገረው ተዋናይ ሁለተኛ ማርሽ እያስገባ ስንት ጊዜ ወደ ፊት እየዘለለ አጥር ሊገጭ እንደደረሰ ታያላችሁ። ዳገት ላይ «አሁንም ድገመው፣ አሁንም» ሲባል ፍሪሲዮኑ፣ ማለትም ክላቹ፣ ላይ ቆሞ መኪናዋን አንጠልጥሎ ይይዛታል። የሚሸተው ሽታ የጎማ ቃጠሎ የሚመስላቸው አሉ። የፍሪሲዮን ሽታ ነው፤ የገንዘብም ሽታ ነው። የጓደኛዬ ፔጆ ከአንድ ቀን ቀረጻ በኋላ ካምቢዮዋ፣ የማርሽ ሳጥኗ፣ ወርዶ ነው ፍሪሲዮኑ የተቀየረላት፤ ለቀኑ የተከፈለው የመካኒኩን እጅ እንኳ አልሸፈነም።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ በሌላው ዓለምም እንዲህ ነው የሚደረገው። መኪናው ከሩቅ በሚታይበት ትዕይንት ሁሉ ባለቤቱ ልብስ ተቀይሮለት፣ ባርኔጣ ተደርጎለት ራሱ ይንዳ። ተዋናዩ ፊቱ የሚታይበት ቅርብ ቀረጻ ሲሆን ደግሞ መኪናዋ ቆማ ወይም በዝግታ ስትሄድ እሱ ይግባ፤ ቀደም ብሎ አንድ ጠዋት ስጡን፣ እናለማምደው። እኔ የቢሮ ሸሚዜን አውልቄ የ1960ዎቹን ኮት ለብሼ ለመንዳት ክፍያ አልጠይቅም። እውነቱን ለመናገር እኔ እከፍላለሁ።

ጭቃውን ደግሞ አልረሳሁትም። አንድ አርት ዳይሬክተር ቮልሷ «በጣም ንጹሕ» ሆነችበት። ከገጠር የመጣች መምሰል አለባት ተብሎ አፈር በውሃ በጥብጠው በብሩሽ ቀቧት። እስከዚህ ይሁን። ሲያልቅ ግን አንዱ ደረቅ ጨርቅ አንስቶ ጠረጋት። አፈሩ ውስጥ አሸዋ ነበረበት፤ በብርጭቆ ወረቀት የተፈተገች ያህል ኮፈኑ ላይ የክብ ክብ ጭረት ቀረ። ዛሬም ፀሐይ ሲያርፍበት ይታያል። ጭቃ ከፈለጋችሁ ንገሩን፤ ቀለም የማይጎዳ፣ በውሃ ብቻ ፈሶ የሚለቅ ነገር አዘጋጅተን እንመጣለን። ፕላስተር ለጥፎ ካሜራ ማሰርም እንደዚሁ ነው፤ ስድሳ ዓመት ያህል የኖረ ቀለም ከፕላስተሩ ጋር ተልጦ ይነሳል።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ፤ እዚህ ላይ ብዙ ብናገር ይቅርታ አድርጉልኝ።

የድሮ መኪና ስትፈልጉ የምትጠይቁን «ክላሲክ አለህ?» ብላችሁ ነው። ክላሲክ ዘመን አይደለም። ታሪካችሁ የታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ከሆነ ሌላ መኪና ነው፣ የየካቲት 66 ከሆነ ሌላ፣ የቀይ ሽብር ከሆነ ደግሞ ሌላ። ስለ ቀይ ሽብር በተሠራ አንድ ድራማ ላይ የአፈና ጓዶች በኮሮላ ዲኤክስ ሲከንፉ አይቻለሁ። ዲኤክስን የማይወድ የለም፣ እኔም እወዳታለሁ፤ ግን ቶዮታ ያንን ቅርጽ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው፣ በእኛ በ1971። ሽብሩ የፋፋመው በ1969 እና በ1970 ነው። ሰዎቹ ገና ባልተሠራ መኪና ነው የተወሰዱት ማለት ነው። ባለ ኒኬል ፊቷ ላዳ 2107ም እንደዚያው ናት፤ ከሽብሩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1982 ነው የወጣችው። ለዚያ ዘመን ላዳ ካማራችሁ ክብ መብራት ያላትን የመጀመሪያዋን 2101 ፈልጉ፤ እሷ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ስትሠራ ነበር። ፔጆ 504 እ.ኤ.አ. በ1968 ነው ብቅ ያለችው፤ ስለዚህ የ1953ቱን የነመንግሥቱ ነዋይን ታሪክ ስትሠሩ 504ን ተዉዋት፣ 403 ካገኛችሁ ያዙ።

ቮልስ ሁሉ አንድ ይመስላል፤ ለዚህ ነው ብዙ የምትሳሳቱት። የኋላ መብራቷን ተመልከቱ። ትልቅ፣ ክብ፣ የዝሆን ኮቴ የሚመስል ከሆነ ከ1964 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ የተሠራች ናት። እሷን ይዛችሁ 1953 ብትሉ አይሆንም፤ 1967 ብትሉ ግን ትሆናለች። ፓራውርቱን፣ ግጭት መከላከያውን፣ እዩ፤ የፊትና የኋላው ፓራውርት ወፍራምና ጠፍጣፋ ከሆነ ከ1959 ክረምት ወዲህ ናት፣ ቀጭንና ጠመም ያለ፣ ከላዩ ቱቦ የተጋደመበት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በፊት። የኋላ መስኮቷ እንደ እንቁላል ሞላላ ከሆነ ደግሞ ከ1949 ዓ.ም. ወዲህ አትሄድም፤ እንደዚህ ያለች ካያችሁ መቅረጹ ይቆይና መጀመሪያ ለእኔ ደውሉልኝ። አንድ ተጨማሪ ልንገራችሁ፤ የኔዋን የመሰሉት የቆዩት ቮልሶች ቤንዚን የሚሞላላቸው የፊት ኮፈኑ ተከፍቶ ነው። ማደያ ውስጥ የሚቀረጽ ትዕይንት ካላችሁ ተዋናዩን ከጎን አታቁሙት። እንዲያውም ያ ኮፈን የመክፈት ነገር ራሱ ቆንጆ ትዕይንት ይወጣዋል።

ስለ ሴቼንቶ አለመናገር ግን አልችልም። የካቲት 1966 ያለ ሴቼንቶ አይሠራም፤ ይህ የመኪና ወዳጅ ምኞት ሳይሆን ታሪክ ነው። የዓለም የነዳጅ ዋጋ ሲንር የእኛም ቤንዚን ተወደደና የታክሲ ሾፌሮች አድማ መቱ። መምህራኑም ተማሪውም በዚያው ሰሞን ወጡ። አብዮቱ ከተነሳባቸው በሮች አንዱ የዚያች ትንሽ ፊያት በር ነበር ማለት ይቻላል። እና ያ በር፣ እ.ኤ.አ. እስከ 1964 በተሠሩት ላይ፣ የሚከፈተው ወደ ኋላ ነው፤ ማጠፊያው ከኋላ፣ እጀታው ከፊት። ሴትየዋ ስትወርድ መጀመሪያ እግሯ ይወጣል፣ ቀሚሷን ትሰበስባለች፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ ትነሳለች። ይህን አወራረድ የሚያውቁ አክስቶች ገና በሕይወት አሉ። ተዋናይቷን አንድ ቀን ከእነሱ ጋር ብታገናኙዋት ከሜካፕ የበለጠ ዘመኑን ታገኙታላችሁ። በዚያ ዘመን መንገድ ላይ ከምታደርጉት ሃያ መኪና ይልቅ አንድ በትክክል የተከፈተ የሴቼንቶ በር ብዙ ይናገራል፤ እንደኔ እንደኔ።

ድምፁስ? የቮልስ ሞተር በአየር ነው የሚቀዘቅዘው፤ ራዲያተር የለውም። ድምፁ ደረቅና ቅርጫት ውስጥ እንደሚናጥ ቆርቆሮ ነው፤ ማርሽ ሲቀንስ ያፏጫል። አባቴ ከሥራ ሲመጣ እናቴ ከመታጠፊያው ጀምሮ ትለየውና ወጡን ትጥድ ነበር። ኤዲቲንግ ላይ ግን የሌላ መኪና ድምፅ ከኢንተርኔት አምጥታችሁ ትለጥፉባታላችሁ፤ ቮልሷ እንደ ዘመናዊ ሲዳን እያንጎራጎረች ትሄዳለች። ቀረጻ ሲያልቅ አንድ ሩብ ሰዓት ብቻ ማይክ ይዛችሁ ኑ። አስነስቼ፣ ነድቼ፣ አቁሜ፣ በር ዘግቼ፣ ክላክስ ነፍቼ እሰጣችኋለሁ። የበሩን አዘጋግ ብቻ ብትሰሙት! መስኮት ካልከፈታችሁ አየሩ ስለሚታፈን ይመልሰዋል፤ ሁለት ጊዜ ነው የሚዘጋው።

ስለ ጊዜና ገንዘብ በአጭሩ። «ጠዋት 12 ሰዓት ድረስ» ትሉኛላችሁ፤ እደርሳለሁ። የመጀመሪያው «አክሽን» የሚሰማው ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ገብቶኛል፣ ጄኔሬተር ይበላሻል፣ ተዋናይ ይዘገያል፣ ፀሐይ ትደበቃለች። መኪናዋን ግን ከሰው ቀድማ እንድትደርስ አታድርጉ። ክፍያውን በቃል አንነጋገር፤ አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል፤ ስንት ሰዓት፣ የት፣ ማን ይነዳል፣ ቢጎዳ ማን ያሠራል። ኢንሹራንስን በተመለከተ፣ ሁላችንም ሦስተኛ ወገን አለን፤ ሕግ ነው። የራሳችንን መኪና ጉዳት የሚሸፍን ሙሉ ኢንሹራንስ ለመግባት ሄጄ ግን ሰውዬው ሊብሬውን አገላብጦ ዓመተ ምህረቱን ካየ በኋላ የገመተልኝ ዋጋ የአራት ጎማ መግዣ የማይሞላ ነበር። ስለዚህ የምትጎዱት መኪና በወረቀት ላይ ዋጋ የለውም፤ በእኛ ኪስ ግን አለው። የሚያሠራው እናንተ ናችሁ ብሎ የሚጽፍ አንድ መስመር እንፈልጋለን።

ከከተማ ውጭ ስትወስዱንም ቀድማችሁ ንገሩን። የኛ መኪኖች ካርቡሬተር የተስተካከለው ለአዲስ አበባ ከፍታ ነው፤ አየሩ ሳሳ ላለበት። አዳማ ወይም ከዚያ በታች ሲወርዱ ወፍራም አየር ያገኛሉ፣ ቤንዚኑ ያንስባቸዋል፣ ይግላሉ። ግማሽ ቀን ቀድመን ደርሰን ማስተካከል እንችላለን። ቆላ ላይ እኩለ ቀን ፀሐይ ውስጥ አቁማችሁ ደጋግማችሁ ካስነሳችኋት ግን እንቢ ብትል አትፍረዱባት።

አሁን ግልባጭ የሚደርሳቸውን ክፍሎች የሚመለከተውን ልናገር። አንድ ማታ አርት ክፍሉ ለዘመኑ የሚስማማ ታርጋ ከላሜራ ሠርቶ በኔ ታርጋ ቦታ አሰረው። ቆንጆ ሥራ ነበር። ቀረጻው ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ አለቀ፤ ደክሞኛል፣ ብርድ ነው፣ ተነሥቼ ወደ ቤት። እውነተኛው ታርጋዬ በዕቃ መኪናው ተጭኖ ሄዷል። ሁለት አደባባይ ሳልሻገር ትራፊክ አስቆመኝ። ባትሪውን አብርቶ ታርጋው ላይ አሳረፈ፤ ዝም ብሎ ቆየ። «ይሄ ታርጋ የየት ነው?» አለኝ። ምን ልበል፣ «የ66» አልኩት። ፕሮዳክሽን ማናጀሩ ጋ ደወልኩ፣ ስልኩ ዝግ ነው። ያ ትራፊክ ልክ ነበር፤ በሐሰት ታርጋ የሚሄድ መኪና አይቶ ቢያልፈኝ ነበር የሚገርመኝ። መኪናዋ እዚያው አደረች፣ እኔ በእግሬ።

ከዚያ ወዲህ በሐሰት ታርጋ አልቀረጽም እያልኩ ነው፤ እናንተ ደግሞ የዛሬው ታርጋ የንጉሡ ዘመን መኪና ላይ ሲታይ ያማችኋል። ሁለታችንም ልክ ነን። የሚያስፈልገን ቀላል ነገር ነው። የቀረጻ ፈቃድ ሲሰጥ በዚያው ወረቀት ላይ የመኪናው እውነተኛ ታርጋ ቁጥር፣ መንገዱና ሰዓቱ ተጠቅሶ፣ በተዘጋው መንገድ ውስጥ ብቻ ታርጋ መቀየር ይፈቀድ። ከገመዱ ሲወጣ እውነተኛው ይመለስ። ከተቻለ ደግሞ እሁድ ጎህ ሲቀድ፣ መንገድ ባዶ በሚሆንበት ሰዓት፣ አንድ ትራፊክ ፖሊስ ይመደብልን። መኪኖቻችን በሚኒባስ መሐል ሲቀረጹ ፊልሙም አያምር፣ እኛም ፓራውርት እየገበርን ነው።

ይህንን ሁሉ አሁን የምጽፍበት ምክንያት አለኝ። ፒያሳ ላይ ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ ደምቋል፤ ጥሩም መጥፎም የምትሉትን ለእናንተ ልተው። ለእናንተ ሥራ ግን ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ካሜራችሁን አዙራችሁ የ1960ዎቹን አዲስ አበባ ልታገኙበት የምትችሉት ግድግዳ እያነሰ ሄዷል። በዚያው ዓመት ደግሞ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ወደ ሀገር እንዳይገባ ተወስኗል። እኔ በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ልጄ አንዷን ትነዳለች፣ ጸጥታዋ ያስደንቀኛል። ግን ቮልስ ከእንግዲህ ከውጭ አይመጣም ማለት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ይጠቀሙባቸው ከነበሩት መኪኖች ብሔራዊ ቤተ መንግሥት ሙዚየም ሄዶ ማየት ይቻላል፤ ደስ ይላል። የመምህሩ፣ የነርሷ፣ የታክሲ ሾፌሩ መኪና ግን ያለችው የኛ ግቢ ውስጥ ነው። አንዷ ስትሰበር መለዋወጫ የምንወስደው ከሌላዋ ነው። ከቡድናችን ከአምስት ዓመት በፊት የነበሩ ሁለት ቮልሶች ዛሬ የሉም፤ አንዷ በእኔዋ ውስጥ አለች፣ ሞቶሪኖዋ፣ ማለትም ማስነሻ ሞተሯ፣ እና የግራ በሯ።

እኛም ንጹሕ ነን አልልም። ከመካከላችን «መጣሁ» ብሎ የሚቀር አለ። መኪናው ሳትነሳ ቀርታ ሃያ ሰው ያስጠበቀ አለ፤ ያ ሰው እኔ ነኝ። አንድ ጓደኛችን ደግሞ ትዕይንቱ እየተቀረጸ «በሩን ቀስ በል!» ብሎ ጮኾ የአንዲትን ተዋናይት ልቅሶ አበላሽቷል። ከዚያ በኋላ እንደገና ማልቀስ አቅቷት ቀኑ ተሰረዘ። ይቅርታ ጠይቀናል፤ እዚህም እደግመዋለሁ። ባለቤቱ አጠገብ ይቁም ስል አፉን ይዞ ማለቴ ነው።

በምላሹ የምንሰጣችሁ ይህ ነው። ስክሪፕቱን ከቀረጻ በፊት፣ መኪና ያለበትን ገጽ ብቻ፣ ላኩልን። የትኛዋ መኪና ለየትኛው ዓመት እንደምትሆን፣ ምን ዓይነት ጎማ፣ ምን ዓይነት ስፖኪዮ፣ የትኛው ወገን ይከፈታል፣ ሞተሩ የት ነው፣ ሁሉንም በነጻ እንነግራችኋለን። የሌለንን መኪና ማን እንዳለው እናፈላልጋለን። ኤንትሬ የጭነት መኪና ለምትፈልጉት ደግሞ፣ የሚያስነሳ ሾፌር እስካሁን አላገኘንም እንጂ ግቢ ውስጥ የቆመች አንዲት አይተናል።

በሰኔ ስለ አንድ መምህር ሕይወት ልትቀርጹ መሆኑን ሰምቼ ለእናንተ ለየት አድርጌ አንድ ነገር ላስታውስ። መምህሩ በክረምት ወደ ተማሪዎቹ ሲነዳ የሚያሳይ ትዕይንት አለ አሉኝ። ቮልሷን እሰጣችኋለሁ፣ እኔም አብሬ እመጣለሁ። ነገር ግን ከሁለቱ ዝናብ መጥረጊያዎች የሚሠራው በሾፌሩ በኩል ያለው ብቻ ነው። ካሜራውን በዚያ በኩል አድርጉ፤ ወይም ደግሞ ከግንቦት አጋማሽ በፊት ንገሩኝ፣ የመጥረጊያውን ማገናኛ ዘንግ ከጓደኛዬ ቮልስ ፈትቼ እገጥመዋለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የአንዲት 1300 ቮልስ ባለቤት፣ ከእሁድ ጠዋት ጓደኞቹ ጋር
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለከተማው የባህልና የኪነ ጥበብ ጉዳይ ኃላፊዎች
ለከተማው የትራፊክ ጉዳይ ኃላፊዎች
ለዚያ ሌሊት ላቆመኝ ትራፊክ፣ ካነበበው